ኪቱ «ወባ የለም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

«ተመርምሬ ነጻ ነህ ተባልኩ፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀኝም።» ወባ ባለበት አካባቢ የኖረ ሰው ይህን አባባል ሳይሰማ አይቀርም። አንዳንዱ ጥፋቱን መርማሪዋ ላይ ይደፈድፋል። ሌላው «ኪቱ ፎርጅድ ነው» ብሎ ይገላገላል። ኪት የምንለው ከጣት በተወሰደ ጠብታ ደም ወባን በደቂቃዎች የሚለየውን ፈጣን መመርመሪያ ነው።

ሁለቱም አንዳንዴ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ኪቱም ደህና፣ መርማሪዋም ጎበዝ ሆነው ውጤቱ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ደግሞ ለዚህ የተለየ ምክንያት ተገኝቷል። የወባ ተህዋሲው ራሱ፣ ኪቱ የሚፈልገውን ምልክት ጥሎ ተገኝቷል።

ጉዳዩ ትንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። 1157 ሰዎች ሞተዋል። ይህን ያህል ሰው በሚታመምበት አገር አንድ ኪት ከመቶ ጥቂት ሰው ቢስት እንኳ የሚሳተው ሰው ብዙ ነው።

ስለዚህ ኪቱን ፈታ አድርገን እንየው። ወባን በደንብ ከተረዳን የኤችአይቪውም፣ የስኳሩም ነገር ይቀለናል።

«ፈጣን ምርመራ» የሚባለው ምንድን ነው?

የተለመደው ምርመራ ናሙናውን ወደ ላብራቶሪ ይወስዳል። ደም ይቀዳል፣ ብልቃጥ ላይ ስም ይጻፋል፣ ባለሙያ ያየዋል፣ ውጤቱ በወረቀት ይመለሳል። ፈጣን ምርመራ ይህን ይገለብጠዋል። ላብራቶሪው ራሱ ታካሚው ወዳለበት ይመጣል። ጤና ኬላ፣ ድንገተኛ ክፍል፣ ፋርማሲ፣ መኖሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። ውጤቱም ታካሚው ከመሄዱ በፊት ይደርሳል።

የእርግዝና መመርመሪያው፣ የስኳር መለኪያው፣ በኮቪድ ጊዜ አፍንጫ ውስጥ ጥጥ ተከቶ የተደረገልን የ15 ደቂቃ ምርመራ፣ ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ናቸው።

ለገጠሩ ሕዝብ ትርጉሙ ሰፊ ነው። በጎርጎርሳውያኑ 2000ዎቹ መጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠራ። ግን ጤና ኬላ ላይ ማይክሮስኮፕ አስቀምጦ ባለሙያ መመደብ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ያተኮሰው ሁሉ የወባ መድኃኒት ይዞ ይሄድ ነበር። ግማሹ ወባ ነው፣ ግማሹ ታይፎይድ ወይም የሳንባ ምች ነው፤ ማን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ተናገረ፦ ወባ የተጠረጠረ ሁሉ፣ ሕፃንም አዋቂም፣ መድኃኒት ከመውሰዱ በፊት ይመርመር። ይህን ማለት የተቻለው ኪቱ ስለነበረ ነው።

በዚያች ፕላስቲክ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ጤና ኬላ ላይ የሚሆነውን እንከተል። ኤክስቴንሽኗ ጓንት ታጠልቃለች። የኪቱ ማሸጊያ ላይ ያለውን ቀን ታያለች፤ ካላለፈበት ትቀደዋለች። ከውስጥ ፕላስቲኩ አለ፣ እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢትም አለች። ማሸጊያው አስቀድሞ ተከፍቶ ከቆየ ኪቱ እርጥበት ስቧል፤ ወደ መጣያ ነው።

የታካሚው ጣት በአልኮል ይጠረግና እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከዚያ በመርፌዋ ወጋ። የሚፈለገው ደም 5 ማይክሮ ሊትር ገደማ ነው፣ ማለትም የአንድ ሊትር 200 ሺህኛ። ደሙ በአንደኛዋ ቀዳዳ ይገባል። በሌላኛዋ ቀዳዳ ደግሞ ከጠርሙሷ የተቆጠሩ የፈሳሽ ጠብታዎች ይንጠባጠባሉ። መርፌዋ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ትጣላለች። ከዚያ መጠበቅ ነው። እንደ ኪቱ ዓይነት 15 ወይም 20 ደቂቃ።

በዚህ ጊዜ ፈሳሹ ደሙን ይዞ በስስ ወረቀት ላይ ይጓዛል። መንገድ ላይ አንቲቦዲ የተባሉ ፕሮቲኖች ይጠብቁታል። አንቲቦዲ አንድን የተለየ ነገር ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። እነዚህኞቹ ላይ በዓይን የማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች ተጣብቀዋል። አዎ፣ እውነተኛ ወርቅ፤ መጠኑ ግን ለጆሮ ጌጥ አይሆንም። ወርቅ እንዲህ ሲደቅ ቀለሙ ቀይ ይሆናል። የምናየው ቀይ መስመር እሱ ነው።

ደሙ ውስጥ የወባ ፕሮቲን ካለ ከወርቃማው አንቲቦዲ ጋር ይያያዛል። ተያይዘው ሲሄዱ መስመሩ ላይ የተተከለ ሌላ አንቲቦዲ ይይዛቸዋል። እዚያ ሲከማቹ መስመሩ ይቀላል። ፕሮቲኑ ከሌለ ወርቁ ዝም ብሎ ያልፋል፤ መስመሩም ባዶ ይቀራል።

መጨረሻ ላይ «ሲ» የሚል ፊደል ያለበት መስመር አለ። ይህ የመቆጣጠሪያ መስመር ነው። ታካሚው ወባ ኖረበትም አልኖረበትም መቅላት አለበት። የሚነግረን ፈሳሹ እስከ መጨረሻው መጓዙንና ወርቃማው አንቲቦዲ መሥራቱን ነው። «ሲ» ካልቀላ ውጤት የለም፤ በአዲስ ኪት እንደገና ነው። «ሲ» ቢቀላ ግን ደሙ በቂ ነበር ማለት አይደለም። ደም ጭራሽ ባይጨመር እንኳ ብዙ ኪቶች ላይ «ሲ» ሊቀላ ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ሌላም አለ። የደበዘዘ መስመርም መስመር ነው። «ትንሽ ወባ» የሚባል ነገር የለም፤ ፈዞም ቢሆን በሰዓቱ ከታየ ወባ አለ። ከሰዓቱ ካለፈ በኋላ የወጣ መስመር ግን አይቆጠርም። ኪቱን ኪሱ ከትቶ ማታ ቤቱ ደርሶ የሚያየው ሰው የሚያየው ነገር የደረቀ ወረቀት ነው።

ምን ያህል ተህዋሲ ሲኖር ነው የሚያየው?

ደህና የሚባል ኪት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 200 ተህዋሲ ካለ እንዲያገኘው ይጠበቃል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን አምስት ሊትር ደም ባለው ሰው ላይ ብናሰላው አንድ ቢሊዮን ተህዋሲ ማለት ነው። እንግዲህ ኪቱ ዝም ሲል «ምንም የለም» ማለቱ አይደለም። «እኔ ላየው የምችለውን ያህል የለም» ነው የሚለው። ሕመሙ ገና ሲጀምር የተመረመረ ሰው ዛሬ ነጻ ተብሎ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ሊገኝበት የሚችለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ተህዋሲው እንዴት ያመልጣል?

እኛ አገር ብዙ ወባ የሚያመጡት ሁለት ዝርያዎች ናቸው፦ ፋልሲፓረም እና ቫይቫክስ። ገዳዩ በአብዛኛው ፋልሲፓረም ነው።

ፋልሲፓረም ደም ውስጥ ሲኖር ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን በብዛት ያመርታል። ሌሎቹ የወባ ዝርያዎች አያመርቱትም። ለኪት አምራቾች ይህ ሲሳይ ነበር። ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ሙቀትን ይችላል፣ ፋልሲፓረምን ለይቶ ያሳውቃል። ስለዚህ በዓለም ላይ ለፋልሲፓረም የተሠሩት አብዛኞቹ ኪቶች ይህንኑ ፕሮቲን እንዲፈልጉ ተደረጉ።

ችግሩ ተህዋሲው ያለዚህ ፕሮቲንም መኖር መቻሉ ነው። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን የጎደለበት ፋልሲፓረም እንደ ሌላው ይራባል፣ እንደ ሌላው ያሳምማል። ኪቱ ግን አያየውም። የኬላ ጠባቂ «ቀይ ጋቢ የለበሰውን ያዝ» ተብሎ ታዝዟል እንበል። ሰውየው ጋቢውን አውልቆ ቢመጣ ጠባቂው ሰላምታ ሰጥቶ ያሳልፈዋል። ጠባቂው አልተኛም፣ ጉቦም አልበላም። የታዘዘውን ነው ያደረገው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይ። ይህ መድኃኒት መላመድ አይደለም። ጂኑ የጎደለበት ተህዋሲ በመድኃኒት ሊሞት ይችላል፤ ጣጣው ታካሚው መድኃኒቱን የማያገኝ መሆኑ ነው። ሁለቱ ባሕርያት አንድ ላይ ሲገኙ ነው የሚያስፈራው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ከኪት የሚያመልጥም፣ አርቴሚሲኒን የተባለውን ዋና የወባ መድኃኒት በከፊል የሚቋቋምም ፋልሲፓረም መኖሩን አሳይቷል።

ይህ ነገር እንዴት ተስፋፋ?

መጀመሪያ የታወቀው ከእኛ በጣም ርቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ፣ ከአማዞን አካባቢ ተዘገበ። ያኔ ብዙዎች የሩቅ አገር ጉድ አድርገው ነው ያዩት።

ከዚያ ኤርትራ መጣች። እ.ኤ.አ. በ2016 በጊንዳዕና በምጽዋ ሆስፒታሎች በማይክሮስኮፕ ወባ የተገኘባቸው ሰዎች በኪት ነጻ እየተባሉ አስቸገሩ። የ50 ሕሙማን ደም ተመረመረ። ጊንዳዕ ላይ ከ26ቱ 21ዱ፣ ምጽዋ ላይ ከ24ቱ 10ሩ የያዙት ጂኑ የጎደለበት ተህዋሲ ሆኖ ተገኘ። ጊንዳዕ ላይ ከአምስት አራት ማለት ነው። ኤርትራ ኪቷን ቀየረች።

በኢትዮጵያ በኩል የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎችና የውጭ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ሰፊ ጥናት አደረጉ። ቦታዎቹ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር የሚዋሰኑ ናቸው። ወባ የተጠረጠሩ 12,572 ሰዎች በተለያየ ዓይነት ኪት ተመረመሩ። በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት ከፋልሲፓረም ሕሙማኑ 9.7 በመቶ የሚሆኑት ኤችአርፒ2ን በሚፈልገው ኪት ብቻ ቢመረመሩ ኖሮ በዚህ ጂን መጉደል የተነሳ ሳይገኙ ይቀሩ ነበር። ከአሥር አንድ ሊሆን ምንም አልቀረው።

የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት 5 በመቶ ነው። በዚህ ምክንያት የሚሳቱት ሕሙማን ከዚያ ካለፉ አገሪቱ ኪቱን መቀየር አለባት። ኢትዮጵያ ከዚህ መስመር አልፋ ተገኘች።

መስፋፋቱን ያገዘው፣ አስቂኝም አሳዛኝም ነው፣ ኪቱ ራሱ ነው። በኪቱ የታየው ተህዋሲ በመድኃኒት ይሞታል። ያልታየው ግን ሰውየው ውስጥ ይቆያል፤ ትንኝ ስትነክሰው ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ያልታየው ድርሻው ይጨምራል። ወባ ቀለል በሚልባቸው አካባቢዎች ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ምክንያቱም ወባ በጣም በሚበዛበት ቦታ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ዓይነት ፋልሲፓረም ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ከእነሱ አንዱ ፕሮቲኑን ካመረተ ኪቱ ይቀላል፣ ሰውየውም ታክሞ ሌላውም አብሮ ይሞታል። ወባ በሚቀንስበት ቦታ ግን ሰውየው የያዘው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። የሚያጋልጠው ባልደረባ የለውም።

ኪቱን መቀየር ነዋ! ምን ችግር አለው?

መቀየር ይቻላል። ፒኤልዲኤች የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለ። ተህዋሲው ለጉልበቱ የሚጠቀምበት ስለሆነ በቀላሉ ጥሎት አይሄድም። ይህን የሚፈልጉ ኪቶች ተሠርተዋል፤ ፋልሲፓረምን ከቫይቫክስ የሚለዩም አሉ።

ግን ነጻ ነገር የለም። ፒኤልዲኤች እንደ ኤችአርፒ2 አይትረፈረፍም። ስለዚህ ተህዋሲው ጥቂት ሲሆን ኪቱ ሊስተው የሚችልበት ዕድል ይበልጣል። ሙቀትም ይበልጥ ይጎዳዋል። ብዙ ኪቶች ላይ «ከ30 ዲግሪ በታች» ወይም «ከ40 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» ተብሎ ተጽፏል። የጋምቤላን፣ የመተማን፣ የአፋርን መጋቢትና ሚያዝያ የሚያውቅ ሰው የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ውስጥ ምን እንደሚሆን ይገምታል። በዚያ ላይ ጥራታቸው በዓለም ጤና ድርጅት የተረጋገጠላቸው የዚህ ዓይነት ኪት አምራቾች ለረጅም ጊዜ በጣም ጥቂት ነበሩ። አምራቹ ጥቂት ከሆነ ዋጋው ይወደዳል፣ ጭነቱም ይዘገያል።

ሌላው ሰው ነው። የኪቱ ዓይነት ሲቀየር የጠብታው ቁጥር፣ የመጠበቂያው ደቂቃ፣ የመስመሮቹ ቦታ ሊቀየር ይችላል። በአሮጌው ኪት ላይ መጀመሪያ የሚመጣው መስመር በአዲሱ ላይ ሁለተኛ ሊሆን ይችላል። በሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን እንደገና ማሠልጠን የግድ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዜና ላይ ስለ አዲስ ኪት የሚወራውን ያህል ስለ ሥልጠናና ስለ መጋዘን ቢወራ ብዙ ነገር ይቀየር ነበር።

ድኜ ሳለ ኪቱ «ወባ አለብህ» ቢለኝስ?

ይህም አለ፤ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ኤችአርፒ2 ተህዋሲው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። ባለፈው ወር ታክሞ የዳነ ሰው ዛሬ በጉንፋን አተኩሶት ቢመረመር መስመሩ ሊቀላ ይችላል። ኪቱ የሚያየው ተህዋሲውን ሳይሆን ትቶት የሄደውን ፕሮቲን ነው። ፒኤልዲኤች ግን ተህዋሲው ሲሞት ቶሎ ይጠፋል። ማይክሮስኮፕም እዚህ ላይ ይረዳል፤ ደሙ የተቀባበት መስታወት (ስላይዱ) ላይ ተህዋሲው ራሱ ይታያላ።

የኤችአይቪ ምርመራ ለምን ይደጋገማል?

ብዙ ሰው «አንዱ ኪት ይበቃ የለ እንዴ?» ይላል። መልሱ ሒሳብ ነው።

1000 ሰው እንመርምር። ከነሱ 10ሩ ቫይረሱ አለባቸው እንበል። ኪቱ በጣም ጎበዝ ነው፤ አሥሩንም ያገኛል። ቫይረሱ ከሌለባቸው 990 ሰዎች ውስጥ ደግሞ 1 በመቶውን ብቻ ይሳሳታል። 1 በመቶው 10 ሰው ገደማ ነው። ስለዚህ «አለባችሁ» የተባሉት 20 ናቸው፤ ግማሾቹ ግን ምንም የለባቸውም! ኪቱ 99 በመቶ ልክ ሆኖ ሳለ።

ቫይረሱ ያለባቸው 200 ቢሆኑ ኖሮስ? ያው ኪት 200ውን አግኝቶ ከቀሪዎቹ 800 ውስጥ 8 ሰው ብቻ ይሳሳታል። ኪቱ አልተቀየረም፤ የተቀየረው የተመረመረው ሕዝብ ነው። በሽታው እየቀነሰ ሲሄድ በአንድ ኪት ብቻ «አለብህ» ማለት እየከበደ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋቂዎች ላይ ያለው የኤችአይቪ ስርጭት ከ1 በመቶ በታች ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ሰው ቫይረሱ አለበት ከመባሉ በፊት ሦስት የተለያዩ ምርመራዎች በተከታታይ «አለ» ማለት አለባቸው ብሎ መክሯል። የመጀመሪያው ኪት ስለቀላ ብቻ ሕይወቱ ያበቃለት የሚመስለው ሰው ይህን ቢያውቅ ደግ ነው።

ራስን በራስ የመመርመሪያውም ኪት እንዲሁ ነው። የድድ ፈሳሽ የሚጠቀም አለ፤ የሚፈልገው ሰውነት ለቫይረሱ የሠራውን አንቲቦዲ ነው እንጂ ቫይረሱን አይደለም። ስለዚህ «ኤችአይቪ በምራቅ ይተላለፋል ማለት ነው?» ለሚለው መልሱ አይደለም ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው ግን በዚህ ኪት ራሱን መመርመር የለበትም። ኪቱ በስህተት «የለም» ሊለውና መድኃኒቱን ሊያስጥለው ይችላል።

ከውጭ የተላከልን የስኳር ማሽን ለምን ግራ ያጋባል?

ይህ የብዙ ቤት ጉዳይ ነው። እናት ስኳር አለባቸው፤ ስቶክሆልም ወይም ለንደን ያለችው ልጅ ማሽን ገዝታ ትልካለች። እናት ጣታቸውን ወግተው ሲያዩ «8.0» ይላል። ክሊኒክ የለመዱት ግን 140፣ 180 የሚል ቁጥር ነው። «ስኳሬ ወርዶ ልሞት ነው!» ብለው ሻይ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምራሉ።

ስኳራቸው አልወረደም። ስዊድንና እንግሊዝ የሚለኩበት መለኪያ ሌላ ነው። እኛ አገርና አሜሪካ የተለመደው በዴሲ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ ማየት ነው፤ እነሱ በሊትር ስንት ሚሊ ሞል ይላሉ። የእነሱን ወደ እኛ ለመቀየር በ18 ማባዛት ነው፤ 8.0 ማለት 144 ነው። አብዛኞቹ ማሽኖች በተሸጡበት አገር መለኪያ ብቻ እንዲሠሩ የተቆለፉ ስለሆኑ ቤት ውስጥ አይቀየሩም።

ሁለተኛው ጣጣ ስትሪፑ ነው፤ ማለትም ደሙ የሚነካባት፣ ማሽኑ ውስጥ የምትሰካው ቀጭን ቁራጭ። ማሽኑ የሚሠራው በራሱ ስትሪፕ ብቻ ነው። ማሽኑ ርካሽ ነው፤ ገንዘብ የሚበላው ስትሪፑ ነው። ከውጭ የመጣው ስትሪፕ አልቆ እዚህ ፋርማሲ ከሌለ ማሽኑ የመሳቢያ ጌጥ ይሆናል። ሊልክ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ቤተሰቡ ያለበት ከተማ ምን ዓይነት ስትሪፕ እንደሚገኝ ቢያስጠይቅ ይሻላል።

ቁጥሩስ ይታመናል? በአንድ ደቂቃ ልዩነት 190 እና 210 ቢያሳይ ማሽኑ ተበላሸ ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ መስፈርት ስኳሩ ከ100 በላይ ሲሆን እስከ 15 በመቶ ድረስ ከላብራቶሪው ውጤት ፈቀቅ ማለትን ይፈቅዳል። ማር ወይም ብርቱካን የነካ ጣት ሳይታጠብ ቢወጋ ግን ቁጥሩ ያለ ቅጥ ሊሰቀል ይችላል። ማሽኑ የጣትን ስኳር ከደም ስኳር የሚለይበት ዘዴ የለውም። የደም ማነስ ያለበት ሰውም ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። የስትሪፑን ክዳን ከፍቶ መተው፣ ስትሪፖቹን ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወርም ያበላሻቸዋል።

በአንድ ጠብታ ደም ሁሉንም በሽታ ማወቅ ይቻላል?

አሜሪካ ውስጥ ቴራኖስ የተባለ ድርጅት ይቻላል ብሎ ነበር። ከጣት በተወሰደ ጥቂት ደም ብዙ ምርመራ እንሠራለን ብሎ ከባለሀብቶች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ሰበሰበ። ማሽኑ ግን የተባለውን አልሠራም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረሰ፤ መሥራቿ ኤልዛቤት ሆምስ በ2022 መጀመሪያ ባለሀብቶችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች። የጣት ደም ከደም ሥር ከሚቀዳው ይለያል፤ ጣት ሲጨመቅ ከሕብረ ሕዋስ የሚወጣ ፈሳሽ ይቀላቀልበታል። አንዳንድ የሚለኩ ነገሮች ደግሞ በጣም ጥቂት ከመሆናቸው የተነሳ ጠብታው ውስጥ በበቂ ላይገኙ ይችላሉ። ፌስቡክ ላይ «በአንድ ጠብታ 50 በሽታ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

እውነተኛው እመርታ ዝግ ያለ ነው። ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳን የሚመረምረው ጂንኤክስፐርት። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ በዓለም ጤና ድርጅት ተቀባይነት አገኘ። የአክታ ናሙና ውስጥ የባክቴሪያውን ዘረመል ፈልጎ፣ ዋናውን መድኃኒት ሪፋምፒሲንን የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ጨምሮ በሁለት ሰዓት ገደማ ይናገራል። ድሮ መድኃኒት መላመዱን ለማወቅ ባክቴሪያውን ማሳደግ ያስፈልግ ነበር፤ ያ ሳምንታት ይፈጃል። ግን ማሽኑ የማይቆራረጥ መብራት ይፈልጋል፣ ሙቀት አይወድም። አንዷ የመመርመሪያ ካርትሪጅ ለድሃ አገሮች ለዓመታት 9.98 ዶላር ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 7.97 ወረደች። ስለዚህ በየጤና ኬላው አይቀመጥም። ኢትዮጵያ ውስጥ የአክታ ናሙና በፖስታ ቤት ሠራተኞች ጭምር ወደ ማሽኑ ይጓጓዛል። ምርመራው የሁለት ሰዓት ነው፣ መንገዱ ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ኪቱ «የለም» ካለና ትኩሳቱ ካልለቀቀኝ ምን ላድርግ?

ተመልሳችሁ ሂዱ። አንድ ሁለት ቀን አይታችሁ ካልተሻላችሁ እንደገና መመርመር ወጉ ነው። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ካለ በማይክሮስኮፕ እንዲታይላችሁ ጠይቁ፤ ጂኑ የጎደለበት ተህዋሲ ስላይድ ላይ ከመታየት አያመልጥም። ሕፃን ልጅ መጥባት ካቆመ፣ ማስመለሱ ካልተወው ወይም ካንቀጠቀጠው፣ አዋቂም ራሱን ከሳተ ወይም ከቀባጠረ ግን ቀን መጠበቅ የለም። በዚያው ሰዓት ነው የሚሄዱት።

ኪቱ ስላልቀላ ብቻ ከድሮ የተረፈው የወባ መድኃኒት፣ ኮአርተም፣ ከመሳቢያ ይውጣ ማለትም አይደለም። ትኩሳቱ የሌላ በሽታ ከሆነ እሱን እያዳፈናችሁት ነው።

መርማሪዋ ፊት ስትቀርቡ ደግሞ ሳትጠየቁም ቢሆን ሦስት ነገር ንገሯት፦ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ በቅርቡ ወደ ቆላ ወርዳችሁ ከሆነ የት እንደነበራችሁ፣ ባለፉት ሳምንታት የወባ መድኃኒት ወስዳችሁ ከሆነም የቱን እንደወሰዳችሁ። ይህን ኪቱ አያውቀውም።